ጥያቄና መልስ፦ ቅጠልና አበባ በዘይት ስለ መዘፍዘፍ

ከዐቢይ ጾም ወዲህ ከጎጃም ከተሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ናቸው፤ ቅጠል፣ አበባና ቅመም በዘይት ዘፍዝፎ ለምግብም ሆነ ለገላ ስለ ማዘጋጀት። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን አምስቱን መርጠናል። የጠያቂዎችን ስም እንደ ልማዳችን አላተምንም።

ጥያቄ፦ በጾም ወጡ ንጥር ቅቤ ስለማይገባበት ጣዕሙ ይጎድለኛል። ስለዚህ ቅቤ የማነጥርበትን ቅመም፣ ማለትም ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ዘይት በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው ሰሞን ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ያውደው ነበር። ሁለት ሳምንት ሲሆነው ግን ነጭ ሽንኩርቱ ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ አወጣ፤ ዘይቱም ደፈረሰ። ጎረቤቴ «አፍልተሽ ተጠቀሚበት፣ ምንም አይልሽም» ትለኛለች። እውነት ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አይጠቀሙበት፤ ለመሞከር ያህል እንኳ በጣትዎ ጫፍ ነክተው አይቅመሱት።

ዘይት ብቻውን ውሃ ስለሌለበት ረቂቅ ተሕዋስያን አይራቡበትም። ችግሩ የሚመጣው አብሮት ከሚገባው ነገር ነው። እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ እርጥብ ቅጠልማ ከዚያም ይበልጣል። ፍሬውን ዘይት ውስጥ ሲጨምሩት ውሃውን እንደያዘ ይሰጥማል፤ ዘይቱም ዙሪያውን ከቦ አየር ይከለክለዋል። ሻጋታ አየር ሲያጣ እድገቱን ያቆማል፤ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ግን የሚመቸው አየር የሌለበት፣ እርጥበት ያለበትና የማይኮመጥጥ ስፍራ ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ስለሚኖር፣ ከመሬት ተቆፍረው የሚወጡት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይዘውት ሊመጡ ይችላሉ፤ ማጠብና መላጥም ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ባክቴሪያው ሲራባ የሚያመነጨው መርዝ ነርቭን ያሽመደምዳል፤ ሕመሙም ቦቱሊዝም ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ በአንድ ምግብ ቤት የተመገቡ 36 ሰዎች በዚህ መርዝ ታመዋል፤ ምንጩም በዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ ከፍሪጅ ውጭ የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነበር። በ1989 ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ኪንግስተን ሦስት ሰዎች በተመሳሳይ ምክንያት ታመሙ፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዘይት ተዘፍዝፎ የሚሸጥ ነጭ ሽንኩርት አሲድ እንዲገባበት አዘዘ። እርስዎ አረፋውን በማየትዎ ዕድለኛ ነዎት፤ ይህ መርዝ ብዙ ጊዜ ሽታም፣ ቀለምም፣ ጣዕምም ሳይለውጥ ይኖራልና።

የጎረቤትዎ ምክር ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም፤ መርዙ ራሱ በደንብ ሲፈላ ይፈርሳል። ነገር ግን ሙቀቱ ለእያንዳንዱ ጠብታ በእኩል መድረሱን በቤት ውስጥ የሚያረጋግጥ የለም፤ ለአንድ ጠርሙስ ዘይት ተብሎም ይህን ያህል ዕዳ አይገባም። የባክቴሪያው ዘር ደግሞ ከመርዙ እጅግ የጠነከረ ነው። እርሱን ለማጥፋት በግፊት የታመቀ የ121 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል። ውሃ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚልቀው በደብረ ማርቆስ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ዘይቱ የቱንም ያህል ቢግል፣ ውስጡ ያለው እርጥብ ፍሬ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከዚህ ሙቀት ብዙም አይዘልም። «ቀድሜ ቀቅዬው ነው የዘፈዘፍኩት» የሚል መከራከሪያ ዋጋ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠርሙሱን እንደተከደነ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከብትና ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩት፤ የነካውን ዕቃና ጠረጴዛ በበረኪና ይጠቡ። ቀደም ብሎ ከዘይቱ የበላ ሰው ካለ፣ ነገር ለሁለት መታየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የአፍ መድረቅ፣ የምላስ መተሳሰር ወይም ምግብ ለመዋጥ መቸገር ቢደርስበት በቶሎ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የበላውንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፤ ቀናት የሚቆይበትም አለ።

«ታዲያ ቅቤ ሲነጠር ያው ነጭ ሽንኩርት ይገባበት የለምን?» እንደሚሉ እንገምታለን። ይገባበታል፤ ነገር ግን ባለሙያ ሴት ቅቤውን የምታወርደው ውሃው ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ አረፋው ይነሣል፤ እየቆየ ድምፁ ይሰማል አይሰማም ይሆናል፣ አረፋው ይሳሳል፣ የድስቱም ታች ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ይጠለላል፤ የቅመሙ ዝቃጭ ወጥቶ ቅባቱ ብቻ ይቀራል። እርስዎ በጠርሙሱ ያደረጉት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውሃውም ቅመሙም ውስጥ ቀርተዋል።

ለጾሙ ዘይት የሚበጀው መንገድ ደረቅ ቅመም ነው። ኮሰረቱ በእጅ ሲያሹት ዱቄት እስኪሆን፣ ግንዱም ሲያጎብጡት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ይድረቅ፤ ጎብጦ የሚመለስ ግንድ ገና እርጥብ ነው። ለአንድ ሊትር ዘይት አንድ እፍኝ ደረቅ ኮሰረት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተሸክሽኮ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ ይበቃል። በሶብላና ጦስኝ የሚወድ ይጨምር። አብሹን ሳያሳርሩ ለብቻው ጥቂት ያምሱት፤ ያረረ አብሽ ሊትሩን ሙሉ ያመርረዋል። ዘይቱን በትንሽ ድስት ያድርጉና ድስቱን ውሃ በያዘ ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጠው፣ እሳቱን ቀንሰው አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ቅጠሉ ቀስ እያለ ቀለሙን መልቀቅ አለበት እንጂ መንጨርጨር የለበትም። የእርዱ ቢጫነት በቅባት እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ፣ ዘይቱ ወርቅማ ሲሆን ሌላውም መዓዛ መሸጋገሩን ይጠቁምዎታል። ሌሊቱን ተከድኖ ይደር፤ በማግስቱ በንጹሕ ደረቅ ሻሽ ሁለት ጊዜ ያጥልሉት። በንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ቀድተው ቀኑን ጽፈው ይለጥፉበት፤ ብርሃን በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ወር ያህል ይቆያል።

ነጭ ሽንኩርት የግድ ካስፈለገ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው በስሱ ቆራርጦ በሰፌድ ላይ አስጥቶ፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎበት፣ ሲሰብሩት እስኪንኮሻኮሽ ማድረቅ ነው። ይህ በክረምት አይሞከርም፤ የጎጃም የሐምሌና የነሐሴ አየር ደረቁን ያረጥባል እንጂ እርጥቡን አያደርቅም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ግን እጅግ ይመቻል። ሁለተኛው እርጥቡን በዘይት አብስሎ የዚያኑ ዕለት መጨረስ ነው፤ የተረፈ ካለ በፍሪጅ ውስጥ ከአራት ቀን አይለፍ። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ አራቱን ቀን እንኳ ባንተማመንበት እንመርጣለን። የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጎ «አሁን ኮምጥጧል» ማለትም አያድንም፤ ጭማቂው ከዘይቱ ጋር ስለማይዋሐድ ወደ ፍሬው መሐል ሳይደርስ ከታች ይተኛል።

ጥያቄ፦ ከራሳችን ማሳ የተገኘ ኑግ አስጨምቀን ቅባ ኑጉን በጄሪካን እናስቀምጣለን። ሥጋ መጥበሻና ጦስኝ አድርቄ ዘፍዝፌበት ነበር፤ በሁለት ወሩ ግን መረረ፣ ከረፋም። ቅጠሉ ነው ያበላሸው ወይስ ዘይቱ? ከሱቅ የሚገዛው ይሻላል? ቫይታሚን ኢ ቢጨመርበትስ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ቅጠሉ በእርግጥ ደርቆ ከነበረ ጥፋቱ የዘይቱ ነው፤ ዘይቱም ቢሆን የተፈጥሮ ጠባዩን ነው ያሳየው። በኑግ ዘይት ውስጥ ካለው ቅባት ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ለጤና የሚፈለግ ቅባት ሲሆን፣ ከአየር ጋር ሲገናኝ ግን ከብዙዎቹ ዘይቶች ቀድሞ ይበላሻል። ክርፋቱና ምሬቱ የሚመጡት ኦክስጅን ከቅባቱ ጋር ተዋሕዶ ከሚፈጥራቸው ነገሮች ነው፤ ብርሃን፣ ሙቀትና ብረት ደግሞ ሂደቱን ያፋጥኑታል። ግማሽ ድረስ የተቀዳለት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በየቀኑ የሚከፈትና የሚዘጋ ጄሪካን ሁሉንም በአንድ ላይ ያሟላል ማለት ነው። ብዙዎች ጄሪካኑን ሳያጥቡ አዲሱን ዘይት በአሮጌው ላይ ይጨምራሉ፤ ከታች የቀረው የከረፋ ዝቃጭ አዲሱን ቶሎ ያስረጀዋል።

በዘልማድ በቤት ውስጥ የሚወጣው ቅባ ኑግ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኑጉ ታምሶ ተወቅጦ፣ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ቅባቱ ከላይ ሲንሳፈፍ የሚገፈፍ ከሆነ ውሃ አብሮ መግባቱ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ዘይት ቅጠል ከመዘፍዘፍዎ በፊት ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጠው ያስጠልሉት። በጠርሙሱ ታች ከዘይቱ የተለየ፣ ጠርሙሱን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ዶቃ የሚንከባለል ጠብታ ካዩ ውሃ ነው። ጥርት ያለውን ከላይ በቀስታ ይቅዱትና በዝግታ እሳት መንጫጫቱ እስኪያቆም ያሙቁት። እሳት ላይ የጣዱትን ዘይት ጥለው አይሂዱ፤ ድንገት ቢቀጣጠል ክዳን ይደፉበት እንጂ ውሃ ከቶ አይድፉበት።

ቅባ ኑግን ተዉት ማለታችን አይደለም። ጣዕሙ ለጾም ወጥና ለፍትፍት የሚመች በመሆኑ እኛም ከሌላው እናስበልጠዋለን፤ ለወር በሚበቃ መጠን ብቻ ይዘፍዝፉት፣ እስከ አንገቱ በተሞላ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ያስቀምጡት። ባዶ የቢራ ጠርሙስ በሚገባ ታጥቦ ከደረቀና የሚገጥም ክዳን ከተገኘለት ለዚህ ሥራ ብዙ ብር ከሚወጣበት ዕቃ አያንስም። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀመጥ ከፈለጉ የሰሊጥ ዘይት ይሻላል፤ ሰሊጥ በውስጡ እንደ ሰሳሞል ያሉ ክርፋትን የሚያዘገዩ ነገሮች አሉት። ከውጭ የሚመጣው የወይራ ዘይትም ይቆያል፤ ዋጋው ግን ለምግብ ቅመማ የሚቀመስ አይደለም። የረጋ ዘይት የሚባለው የፓልም ዘይት በደጋው ብርድ ጠርሙስ ውስጥ ስለሚጠጥር ለማጥለል ያስቸግራል። የተልባ ዘይት ከሁሉም ቀድሞ ይበላሻል፤ ሠዓሊዎች ለቀለም ማድረቂያ የሚመርጡትም ከአየር ጋር ሲገናኝ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ነው።

ቫይታሚን ኢ ክርፋትን ያዘገያል፤ ባክቴሪያን ግን አይነካም። ለደብረ ማርቆሷ አንባቢ ያነሣነውን አደጋ በቫይታሚን እንከላከላለን ብሎ የሚያስብ ካለ ሁለቱን ነገር ቀላቅሏል።

ጥያቄ፦ ለፀጉሬ የሚሆን ባለ መዓዛ ዘይት ልሠራ ፈልጌ ጽጌረዳ ከአበባ ሻጭ ገዛሁ፤ ጠምበለልና አደይ አበባም ከዘመድ ቤት አመጣሁ። ሁሉንም አድርቄ በዘይት ብዘፈዝፋቸውም ሽታቸው የለም። የሚሸጡት ዘይቶች ታዲያ እንዴት ነው እንዲያ የሚያውዱት? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጥያቄሽ ውስጥ ሦስት አበቦች አሉ፤ ሦስቱም የተለያየ ጠባይ ስላላቸው በአንድ ዘዴ አይገዙም።

ከጽጌረዳው እንጀምር፤ ምክንያቱም ከሽታው በፊት የሚያሳስብ ነገር አለው። በባሕር ዳር አካባቢ ለውጭ ገበያ ጽጌረዳ የሚያመርቱ እርሻዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ። ለአበባ ማስቀመጫ የሚመረት ጽጌረዳ የሚመረጠው ለውበቱና በውሃ ውስጥ ብዙ ቀን ለመቆየቱ ነው፤ መዓዛው በአብዛኛው ደካማ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምግብ ወይም ለገላ ተብሎ ስላልተመረተ፣ የሚረጨው ፀረ ተባይና ፀረ ፈንገስ በአበባው ላይ ሊቀር ይችላል። ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች በቅባት ስለሚሟሙ፣ መዓዛውን ያወጣል ያልሽው ዘይት መድኃኒቱንም አብሮ ያወጣዋል። ያን ዘይት ለፀጉርሽ አታውይው። ጽጌረዳ ከፈለግሽ ከግቢሽ ወይም ማን እንደሚንከባከበው ከምታውቂው ቦታ፣ መድኃኒት ያልተረጨውን፣ ጤዛው እንደረገፈ ፀሐይ ሳይከርር ቅጠፊ።

ሽታው የጠፋበት ዋናው ምክንያት ግን ማድረቁ ነው። የጽጌረዳ መዓዛ እጅግ በናኝ ስለሆነ አበባው ሲደርቅ ከውሃው ጋር ይበርራል፤ በዘይት የሚገባው የቀረው ብቻ ነው። የሚሸጠው የጽጌረዳ ዘይት በእንፋሎት የሚጣራ ነው፤ ልክ አረቄ ሲወጣ ጋኑ ፈልቶ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቅዞ እንደሚንጠባጠብ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ የሚደርስ አበባ ይፈጃል። ስለዚህ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘውና ቤቱን የሚሞላው «የጽጌረዳ ዘይት» በፋብሪካ የተቀመመ ሽቶ የተጨመረበት መሆኑን ገምቺ።

ጠምበለል ሌላ ነው። ይህ ነጭ አበባ ከተቀጠፈ በኋላም ለብዙ ሰዓት መዓዛ ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ አታድርቂው። ሽቶ አምራቾች፣ በተለይም በፈረንሳዩ ግራስ ከተማ የነበሩት፣ የጠምበለል ዘመድ የሆነውን የጃስሚንን አበባ በቀዝቃዛ የረጋ ስብ ላይ እየደረደሩ፣ በማግስቱ ያን አንስተው ትኩስ አበባ እየተኩ መዓዛውን ለስቡ ያስጠጡት ነበር። አንቺም በሰፊ ሳህን ላይ የኮኮናት ዘይት በስሱ አፍስሰሽ እንዲረጋ አድርጊና አበባዎቹን ከነግንዳቸው ሳይሆን አበባውን ብቻ፣ ፊታቸውን ወደ ታች ደፍተሽ ደርድሪበት፤ ሌላ ሳህን ክደኚበት። በየቀኑ አሮጌውን ለቅመሽ አዲስ እየተካሽ አሥር ቀን ያህል ብትቀጥዪ ስቡ ይጠጣዋል። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በላይ ይቀልጣልና የባሕር ዳር ቀን አይሆንለትም፤ ሳህኑን በፍሪጅ የታችኛው ክፍል ብታስቀምጪው፣ ሥጋና ሽንኩርት በሌለበት ይሁን። ስብ መዓዛ ብቻ ሳይሆን ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ ከላምባ አጠገብ የዋለ ቅቤ ምን እንደሚሸት የቀመሰ ያውቀዋል። በመጨረሻ ስቡን አቅልጠሽ አጥልዪው፤ ከታች ውሃ ከታየሽ ከላይ ያለውን ብቻ ቅጂ።

አደይ አበባን ለመስከረም ተዪያት። ውበቷ በዓይን ነው፤ ለሽቶ የሚሆን መዓዛ የላትም።

ለፀጉር በቀላሉ የሚሳካውና ሽታውን የሚይዘው የቅጠል ዘይት ነው፤ ደረቅ ሥጋ መጥበሻ፣ ደረቅ በሶብላ፣ ደረቅ ጠጅ ሳር። ማሰሮውን እስከ ግማሽ በደረቅ ቅጠል ሞልተሽ ዘይቱ ሁለት ጣት እስኪያልፈው አፍስሺበት። ከዘይቱ በላይ ብቅ ያለ ቅጠል ስለሚሻግት በየቀኑ ነቅነቅ እያደረግሽ ለአራት ሳምንት ሞቅ ባለ ጥላ አቆዪው፤ ከዚያ አጥልዪ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ የተጣራ የመዓዛ ዘይት ገዝተሽ መጨመር ካማረሽ፣ ለ100 ሚሊ ሊትር ከ20 ጠብታ አይለፍ፤ ሲበዛ የራስ ቆዳን ያቃጥላል። ቀድመሽም በክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ።

ጥያቄ፦ ጤና አዳም በዘይት ዘፍዝፌ ለወገቤና ለጉልበቴ እቀባዋለሁ። አሁን ልጄ ወልዳ ቤት አለች፤ ለሕፃኑ ሆድና ለአራስዋም ልቀባላቸው አስቤ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ቀብቼው እርሻ ስውል ክንዴ ውኃ ቋጠረ፣ ቦታውም ጠቆረ። መድኃኒትነቱ ነው ይሉኛል። (ከሞጣ)

መልስ፦ እማማ፣ መድኃኒትነቱ አይደለም፤ ቃጠሎ ነው። ጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ ብርሃን ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥሉታል። ሕመሙ የሚመጣው በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በመሆኑ ሰው ከቅጠሉ ጋር አያገናኘውም፤ ጥቁረቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በቡና ላይ የሚጣለው አንድ ዘለላ እና በዘይት ተዘፍዝፎ የወጣው አይመዛዘኑም፤ እነዚህ ነገሮች በቅባት ስለሚሟሙ ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሎሚ ጨምቀው እጃቸውን ሳይታጠቡ ፀሐይ ላይ የዋሉ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ይደርስባቸዋል።

ስለዚህ የተቀቡትን ቦታ በሳሙና ታጥበው በልብስ ይሸፍኑት፤ ዘይቱንም ለቀን ሥራ አይጠቀሙበት። ለሕፃኑ ፈጽሞ አይቀቡት፤ የአራስ ልጅ ቆዳ ስስ በመሆኑ የተቀባውን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። በእትብቱ ላይ ደግሞ ጤና አዳሙ ቀርቶ ንጹሕ ቅቤም ሆነ ዘይት አይደረግም፤ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይቆይ። ወደ አፉም ከእናቱ ጡት በቀር እስከ ስድስት ወር ምንም አይግባ። እርጉዝ ሴት ከጤና አዳም ዘይት መራቅ አለባት፤ ማሕፀንን ሊያነሣሣ ይችላልና። ለልጅዎ ወገብ ምንም ያልገባበት ሞቅ ያለ የሰሊጥ ዘይትና የእናት እጅ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ ከኛ ቤት ማርና ሰም አይጠፋም። ተረከዜ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከሰምና ከዘይት ቅባት መሥራት ይቻላል ይባላል። መጠኑን ብትነግሩኝ። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ለማሩ አገር ሰው ደግሞ የሚቀልል ሥራ ነው። ለ100 ግራም ዘይት 20 ግራም ንጹሕ ሰም ይበቃል፤ ጠንከር ያለ ከፈለጉ 25 ያድርጉት። ከቀፎ የወጣው ሰፈፍ መጀመሪያ በውሃ ቀልጦ በጨርቅ ይጠለል፤ ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋውን አንስተው ከሥሩ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላዋ ይፋቁለት፤ ከዚያም ጨርሶ እስኪደርቅ ያስጡት። ዘይቱ ቀደም ሲል በደረቅ ቅጠል የተዘፈዘፈና የተጠለለ ሊሆን ይችላል፤ ያልተዘፈዘፈም ያው ነው፤ ለስንጥቁ የሚሠራው ቅባቱና ሰሙ ነውና። ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ያቅልጡት። አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ አንጠባጥበው ሲረጋ በጣት ይፈትሹት፤ ከላላ ሰም፣ ከጠነከረ ዘይት ይጨምሩ።

ቅባት ውሃን ወደ ቆዳ አያመጣም፤ ያለውን እንዳይተንን ይዘጋበታል እንጂ። ስለዚህ ማታ እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ለሩብ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ በሳሙና ታጥበው፣ ጥቂት እርጥበት እያለው ይቀቡና ካልሲ ያድርጉ። ስንጥቁ ከደማ ወይም መግል ከቋጠረ፣ ስኳር በሽታ ካለብዎ፣ ወይም እግርዎ እያቃጠለ ያብጥ እንደሆነ ቅባቱን ትተው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው ዝሆኔ በጎጃም ደጋ የታወቀ ነው፤ በጊዜ ከተያዘም በየቀኑ በመታጠብ፣ ቅባት በመቀባትና ጫማ በማድረግ ይገታል።

የተሠራው ቅባት ክዳን ባለው ዕቃ፣ ጣት ሳይሆን ንጹሕ ደረቅ ማንኪያ እየገባበት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ በቅባ ኑግ የተሠራው ግን ያን ያህል አይቆይም። የከረፋውን አይጣሉት፤ ለጫማና ለልጓም ቆዳ ማለስለሻ ይሆናል።